ከቪዲዮው ሥር የተጻፈው

ልጅቷ የምትመታው በውኃ ጎማ ነበር። ቪዲዮው ሃምሳ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ጎማው ግን አሥራ አንድ ጊዜ ይወርዳል። እስከ አራተኛው ምት ድረስ ልጅቷ በአማርኛ "ማርያምን! ማርያምን!" ትላለች። ከዚያ ቃሉ ይጠፋና ጩኸቱ ይቀራል፤ ከሰባተኛው በኋላ ጩኸቱም ይጠፋል። መቺው ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነው። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። ጀርባውን ለካሜራው ስለሰጠ ፊቱ አይታይም።

ሰብሌ ይህን ያየችው ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ፣ ኮልፌ ውስጥ በዮኤል የሞባይል ሱቅ ቆማ ነው። የሄደችው ቪፒኤኗ አልሠራ ብሏት ነበር። ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ ከተዘጉ አራት ወር አልፏል። የሰፈሩ ወጣት ግማሹ በነጻ ቪፒኤን እየተንፏቀቀ ይገባል፤ ግማሹ ታክቶት ትቶታል። ዮኤል ግን "ቪፒኤን እንጭናለን" ብሎ ካርቶን ላይ ጽፎ ከለጠፈ ወዲህ ሱቁ ሰው አይለየውም። ቪፒኤን እንቢ ያለው ደግሞ ስልኩን ከዮኤል ስልክ ጋር አጠጋግቶ ያማረውን ቪዲዮ ያለ ኢንተርኔት በዜንደር ይወስዳል። እንዲህ ሲሆን ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው ምስሉ ብቻ ነው። መቼ እንደወጣ፣ ማን እንዳወጣው፣ ከሥሩ ሰው ምን ብሎ እንደጻፈበት፣ ያ ሁሉ ከተዘጋው በር ወዲያ ይቀራል።

"ዘጠኝ! ዐሥር! ወይኔ፣ አሁንም አልበቃውም!" ይላሉ ልጆቹ ባንኮኒው ላይ ተደፍተው።

"ሰብሊ፣ ነይማ፣" አለ ዮኤል። "ይሄ የእናንተ ግቢው ሱዳን አይደለም እንዴ? ቁመቱን እዪው እስቲ።"

"አይመስለኝም፣" አለች። እንዳለችው ግን የሰማት የለም። ሰብሌ ድምፅዋ እንደዚህ ነው፤ ከከንፈሯ ሳይርቅ ይወድቃል። በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስትማር አንድም ቀን እጇን አውጥታ አልጠየቀችም። እናቷ በሕይወት ሳለች "ዝም አይነቅዝም" እያለች አሳድጋታለች።

"አርብ አርብ እንዲህ ለብሶ አይደል የሚወጣው?" አለ አንዱ።

"ራሱ ነው! እዚያ የሠራውን ሠርቶ እዚህ መጥቶ ተሸሸገ።"

በሩ ላይ ነገሬ ቆሞ ነበር። ነገሬ ከሱቁ ፊት ለፊት አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ አናጢ ነው። እሱ አልቆጠረም፤ አልተሳደበም። እህቱ ዘመነች አረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄዳ በሁለተኛ ዓመቷ በሣጥን ተመልሳለች። አብሮ የመጣው ወረቀት ከፎቅ ወደቀች ይላል። አስከሬኗን ያጠቡት ሴቶች ግን ጀርባዋን አይተው ለእናቷ በጆሮዋ የነገሯት ነገር ነበር፤ እናትየዋ ከዚያን ቀን ወዲህ ከቤት አትወጣም። ነገሬ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው አስደግሞ አየ።

"ላክልኝ፣" አለ በመጨረሻ።

* * *

ጀላል የኦምዱርማን ሰው ነው። ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ በላቦራቶሪ ባለሙያነት ተቀጥሮ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። የሚኖረው በሰብሌ አባት በአቶ ወልደሰንበት ግቢ፣ ከኋላ ባለው ሰርቪስ ቤት ነው። ጥላውን የሚፈራ የሚባለው ዓይነት ሰው ነው፤ ውኃ ሲቀዳ እንኳ "ይቻላል?" ብሎ ይጠይቃል። ከሁለት ወር በፊት አገሩ ጦርነት ገብቶ የሚመለስበት ቤት ጠፋው። እህቱ ኢክላስ ከሦስት ልጆቿ ጋር እዚያው ቀርታለች፤ መስመር ስታገኝ በሳምንት አንዴ ትደውላለች። በየቀኑ በየሰፈሩ የሞተው ሰው ስም የሚለጠፈው ፌስቡክ ላይ እንደሆነ ጀላል ያውቃል። ሆኖም አይከፍተውም።

ሰብሌ ባለፈው ወር "ቪፒኤን ልጫንልህ፣ ሁሉም ሰው ይጠቀማል" ብላው ነበር።

"ሁሉም ሰው የአገሩ ልጅ ነው፣" አላት። "የእኔ መኖሪያ ፈቃድ የሰው ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። በር ከተዘጋ እንግዳ አያንኳኳም።"

"ማንም አይይዝህም እኮ።"

"አንቺን አይይዝሽም።"

በዚህ ምክንያት ኮልፌ ውስጥ ያንን ቪዲዮ ያላየ ሰው ቢፈለግ አንዱ ራሱ ጀላል ነበር። ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ በዮኤል ሱቅ በኩል እንደ ወትሮው "ደህና አደራችሁ?" ብሎ አለፈ። ልጆቹ አልመለሱለትም። አንዱ እግሩ ሥር ምራቁን ተፋ። ጀላል የሰኔ ጾም መግባቱን አባባ ወልደሰንበት ነግረውት ነበርና፣ ጾም ከብዷቸው ይሆናል ብሎ አዘነላቸው።

ሰብሌ ከረቡዕ ከሰዓት ጀምራ ዋናውን ቪዲዮ ስትፈልግ ውላ ነበር። ቪፒኤኑ ይገባል፣ ይወጣል፤ እንደገና ይገባል። ሐሙስ ረፋድ ላይ አገኘችው። ከስድስት ዓመት በፊት የተለጠፈ ነው። ቦታው ሱዳን አይደለም፤ ባሕር ማዶ ያለ ሌላ አገር ነው። ከሥሩ ሦስት መቶ ያህል አስተያየት ተጽፏል፤ የሰውየው ስም ከነአባቱ፣ የታሰረበት ከተማ፣ ፍርድ ቤት የቆመበት ቀን ሳይቀር አለ። ሰብሌ ስክሪንሾት አነሳችና ሮጣ ወደ ሱቁ ሄደች።

"ዮኤል፣ ያ ቪዲዮ…"

"የቱ? የሱዳኑ?"

"የሱዳኑ አይደለም። የድሮ ነው። ይኸው፣ የሰውየው ስም ተጽፏል፤ ታስሯል።"

ዮኤል ስልኩን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ አጎላው። "ስክሪንሾት ነው።"

"አዎ።"

"ሰብሊዬ፣ እኔ ከፈለግሽ ከጨረቃ ላይ ስትወርጂ የሚያሳይ ስክሪንሾት ሠርቼ እሰጥሻለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዋናውን ክፈቺው።"

ከፈተችው። የቪፒኤኑ ክብ ምልክት መሽከርከር ጀመረ። አራት ልጆች ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥለው ጠበቁ። ክቡ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ።

"ኔትወርኩም አፈረ!" አለ አንዱ፤ ሳቁ።

"ቆይ ግን፣" አለ ዮኤል ዓይኑን አጥብቦ፣ "ለሱዳኑ እንዲህ የተቆረቆርሽው በሰላም ነው? ግቢ ውስጥ ነገር አለ እንዴ?"

"ኧረ ተዋት፣ ፊቷ ቲማቲም መሰለ!"

"ለሠርጉ እንዳትረሺን፣ ሰብሊ!"

ስልኳን ነጥቃ ወጣች። ከመንገዱ ማዶ የነገሬ መጋዝ ይጮኻል። ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። ተሻግራ በሩ ላይ ቆመች። ነገሬ መጋዙን አቁሞ ቀና አለ፤ ትከሻው ላይ የእንጨት ብናኝ ተነስንሷል። ከጠረጴዛው እግር ሥር አዲስ የተቆረጠ አረንጓዴ የውኃ ጎማ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

"ምን ፈለግሽ?"

"ምንም፣" አለች ሰብሌ።

አመሻሽ ላይ ጀላል ባልዲውን ይዞ ወደ ቧንቧው መጣ። ሰብሌ ልብስ እያጠበች ነበር። "ሴት ደብድበሃል ይሉሃል" ማለት ፈለገች። ቃሉን በዚያ ሰው ፊት ማስቀመጥ፣ እሱም ሲሰማው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ማየት አቃታት።

"ነገ ባትወጣ ጥሩ ነው፣" አለች።

"ነገ አርብ ነው እኮ። ለምን?"

"ዝናብ… ከባድ ዝናብ ይጥላል እያሉ ነው።"

ጀላል ሳቀ። "ጃንጥላ አለኝ፣ ሰብሌ።"

ለአባቷ ግን አርብ ጠዋት ሁሉንም ነገረቻቸው። አቶ ወልደሰንበት ከጋሞ ደጋ በወጣትነታቸው መጥተው ሃምሳ ዓመት በኮልፌ የሸመኑ ሽማግሌ ናቸው። የነገሬ አባት አብሯቸው የመጣ የአገራቸው ሰው ነበር። ክሩን እያጠነጠኑ ሰሟትና "የነገሬን አባት እኔ ነኝ የቀበርኩት" አሉ። "ልጁን ከሰዓት እጠራዋለሁ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ነገር በስክነት ነው።"

ከሰዓት ግን አልደረሰም።

* * *

መጀመሪያ የተሰማው ቆርቆሮው በር ላይ ያረፈው ድንጋይ ነው። ሰብሌ ስልኳን እንደያዘች ወጣች። ጀላል ከመስጊድ ሲመለስ ከግቢው በር ዐሥር እርምጃ ላይ የሰፈሩ ልጆች ደርሰውበታል። ሃያ ይሆናሉ፣ ሠላሳ ይሆናሉ። ጃንጥላውን ነጥቀው ጀርባው ላይ ሰብረውታል፤ ሽቦዎቹ እንደ ሞተ ሸረሪት እግር ተንጨፍርረው ኮብልስቶኑ ላይ ወድቀዋል። ሁለተኛው ድንጋይ ቅንድቡ ላይ አረፈ። ጀላል በአንድ ጉልበቱ ወረደ፤ እንደገና ተነሣ።

"ምን አደረግሁ?" ይላል። "ወንድሞቼ፣ ምን አደረግሁ?"

አንዱ ከኋላ በእርግጫ መታው። ሌላው ጸጉሩን ይዞ ፊቱን ወደ ሰማይ አዞረው። "ተሳስታችኋል" የሚል አንድ የሴት ድምፅ ከሆነ በር ወጣ፤ ወዲያው በሩ ተዘጋ። ነገሬ ሕዝቡን ከፍሎ ገባ። አረንጓዴው ጎማ እጁ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል።

"ነገሬ!" አለ ጀላል፤ ፊቱን ሲያይ ተስፋ አገኘ። "እኔ ነኝ፣ ጀላል! አልጋ ሠርተህልኛል!"

"አንድ፣" አለ ነገሬ።

ጎማው አየሩን ሰንጥቆ ሲወርድ ፉጨት አለው፤ ቪዲዮው ላይ ያ ፉጨት አይሰማም ነበር። ጀላል ጮኸ። በሁለተኛው እጁን ከለለ፤ ጎማው ጣቶቹን አገኘ። ከሦስተኛው ጀምሮ ልጆቹ አብረው ቆጠሩ። "አራት!" አሉ፤ "አምስት!" አሉ፤ እንደ ቅዳሜ ኳስ ሜዳ። ጀላል በአረብኛ የሆነ ነገር ይደጋግማል። ስድስተኛው አንገቱን አገኘው፤ ከዚያ በኋላ የሚለው ነገር ቃል አልነበረም።

ሰብሌ በሩ ላይ ቆማ ስልኳን ትነካካለች። ክቡ ይዞራል። ይዞራል። አገናኘ፤ ገጹ ከላይ ነጭ ሆኖ ተከፈተ፤ ተቋረጠ።

"ሰባት!"

በዚያ ጊዜ ትከሻዋን ገፍቶ ያለፋት ሰው አባቷ ነበሩ። ባዶ እግራቸውን ናቸው። ከግቢው ጥግ ዝናብ ያበቀለውን ሣር ከነሥሩ ነቅለው በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል፤ አፈሩ በክንዳቸው ላይ ይንጠባጠባል። በጀላልና በነገሬ መካከል ገብተው በሁለት ጉልበታቸው ወደቁ። ሣሩን ወደ ነገሬ ዘረጉ።

ቆጠራው ቆመ።

በጋሞ ባህል ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ የተቆጣ ሰው አንድ እርምጃ ወደፊት አይልም። ካለ ጎሜ ነው፤ እርግማኑ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይባላል። ነገሬ ይህን ከጡት ጋር ነው የጠባው። ሌሎቹ ከሌላ ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎች ልጆች ቢሆኑም፣ ሽበታም ሰው ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ሣር ሲዘረጋ ምን እያለ እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ድንጋይ የያዘው እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ።

የነገሬ ክንድ ከላይ እንደተሰቀለ ቀረ። "አባባ፣" አለ፣ "አባባ ይነሡ… ዘመነችን እኮ…" እንባው ወረደ። ክንዱም ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ሰብሌ አየችው፤ ጣቶቹ ከጎማው ላይ አንድ በአንድ ሲላቀቁ አየች። አንድ ትንፋሽ ነበር የቀረው፣ ሁለት ቢበዛ።

ጀላል ግን ይህን አያውቅም። እሱ የሚያየው በደም በተሸፈነው ዓይኑ መሐል አንድ ነገር ነው። የሚያከብራቸው፣ እንደ አባት የሚያያቸው ሽማግሌ ለእሱ ሲሉ በሰው ፊት ጭቃ ላይ ተንበርክከዋል። ሰው ለፈጣሪው እንጂ ለሰው አይንበረከክም ተብሎ ያደገ ነው። እየተንገዳገደ ተነሣ።

ሰብሌ ገባት። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ከእሱ በፊት ገባት። "ተዋቸው" ልትል አፏን ከፈተች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ከከንፈሯ አልራቀም።

"አባባ፣ አይሆንም፣" አለ ጀላል። "ለእኔ አይንበርከኩ። ሐራም ነው። ለአላህ ብቻ።" ከብብታቸው ሥር እጆቹን ከትቶ አነሣቸው። አቶ ወልደሰንበት ቀላል ሰው ናቸው፤ እንደ ሕፃን ተነሡ። ሣሩ ከእጃቸው ወደቀ።

"ሽማግሌውን ያዛቸው!" አለ ከኋላ ያለና በደንብ ያላየ አንድ ድምፅ።

"ልቀቃቸው፣ አንተ!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በተራ መናገር አይቻልም። ከኋላ ያለው የፊቱን ገፋ፤ የፊቱ ጀላል ላይ ወደቀ። ድንጋይ የደበቀ እጅ ሁሉ ወጣ። አቶ ወልደሰንበት ከሥር ገቡ። ሰብሌ የአባቷን አጥንት ድምፅ ሰማች፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነበር። ነገሬም ሰማው። ጎማውን ወርውሮ ሽማግሌው ላይ በደረቱ ተኛ፤ "ጎሜ ነው! ተዉ! ጎሜ ነው!" እያለ ጮኸ፤ የራሱ ጓደኞች በጀርባው ላይ ተራመዱ። የሚቆጥር ግን አልነበረም። ጀላልን በእግር፣ በድንጋይ፣ በተሰበረው ጃንጥላ እጀታ መቱት። መጮኽ ካቆመም በኋላ መቱት።

ያዳነው ሰይፈዲን ነው። ጎረቤታቸው ሰይፈዲን ከአየር ጤና ቤቴል የሚመላለስ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ጥሩምባውን ተጭኖ ይዞ መኪናውን ሕዝቡ መሐል አስገባ። አንዱን በመስተዋቱ ገጨው። ወርዶ የመንኰራኩር መፍቻ ብረቱን አወዛወዘ፤ "የምሞትም የምገድልም እኔ ነኝ፣ ና!" አለ። ተበተኑ። እሱና ሰብሌ ጀላልን በእጅና በእግሩ ይዘው ወንበር ላይ ጣሉት፤ ነገሬ አቶ ወልደሰንበትን ታቅፎ ገባ። ሰይፈዲን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነዳ። ነገሬ ከሆስፒታሉ በር ተነሥቶ በእግሩ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ።

* * *

በአምስተኛው ቀን ጀላል መናገር ቻለ። ግራ ዓይኑን አጥፍተውበታል። ሦስት ጎድኑና ሁለት ጣቱ ተሰብሯል። የአቶ ወልደሰንበት የቀኝ እጅ በጀሶ ታስሯል፤ ሐኪሙ የሽመና መወርወሪያ ዳግመኛ አይዙም ብሏል። እሳቸው ጠዋት ሰብሌን ጠርተው "የሣሩን ነገር እንዳትነግሪው" ብለዋታል። "ካወቀ ዕድሜውን ሙሉ ይበላዋል።"

"አባባ እንዴት ናቸው?" አላት ጀላል መጀመሪያ።

"ደህና ናቸው።"

"ለምን መቱኝ?"

ሰብሌ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ከዚያም ነገረችው። ቪዲዮውን፣ ሱቁን፣ ስክሪንሾቱን፣ ዮኤል ያላትን፣ በነገሬ በር ላይ ቆማ "ምንም" ያለችውን። ዝናብ ይጥላል ያለችው ውሸት እንደነበር ነገረችው። ድምፅዋ አልጠፋም፤ እየነገረችው እሷም ገረማት።

"ሣሩስ?" አለ። "አባባ ለምን ሣር ያዙ?"

አባቷ ያሏት ትዝ አላት። ጀላል በአንድ ዓይኑ ያያታል።

"ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ማንም አይማታም። ነገሬ ሊተው ነበር፤ ጎማውን እየለቀቀ ነበር።"

"እኔ ሳነሣቸው…"

"አዎ።"

ነርሷ ገብታ ግሉኮሱን ቀይራ ወጣች።

"ባውቅም አነሣቸው ነበር፣" አለ በመጨረሻ። ደግሞም፣ "አላውቅም። ምናልባት አላነሣቸውም ነበር።" ጤነኛ እጁን ዘረጋ። "አሳዪኝ።"

"ምኑን?"

"ቪዲዮውን።"

"ቪፒኤን ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

ያን ቀን ቪፒኤኑ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። ሰብሌ ድምፁን ልትቀንስ ስትል እጇን ያዛት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየው። አሥራ አንዱም ሲወርድ ፊቱን አላዞረም፤ ትከሻው ብቻ እያንዳንዱን ምት ይቀበል ነበር። ሲያልቅ ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀመጠ።

"ልጅቷስ?" አለ።

"የቷ ልጅ?"

"ይቺ። ተረፈች?"

ሰብሌ ሐሙስ ዕለት ከሦስት መቶው አስተያየት መካከል የፈለገችው የሰውየውን ስም ነበር፤ ስሙን ስታገኝ ማንበቧን አቁማለች። ሱቁ ውስጥም የልጅቷን ስም ማንም አልጠየቀም።

"አላውቅም፣" አለች።

ጀላል ስልኩን መለሰላት። ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋችና ከላይኛው አስተያየት ጀምራ፣ ሳትዘል፣ ድምፅ አውጥታ ታነብለት ጀመር።